የታጁራን አሮጌ ፖስት ካርድ መርምሮ ዘመኑን ማወቅና ማቆየት

ከአንኮበር፣ ከዓሊዩ አምባ ወይም ከደብረ ብርሃን የድሮ ሣጥን ውስጥ የባሕር ጠረፍ ፖስት ካርድ ቢወጣና ከሥሩ በፈረንሳይኛ «ታጁራ» ቢል፣ ከቤተሰቡ ጋር ምን ያገናኘዋል ተብሎ እንዳይጣል። ታጁራ በዛሬዋ ጅቡቲ ያለች ትንሽ የወደብ ከተማ ናት። የጅቡቲ ከተማ ሳትቆረቆር በፊት ሸዋ ከባሕር የሚገናኘው በዋናነት በእሷና በዘይላ በኩል ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከማጽዳትም ከመጻፍም በፊት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንሡ። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት ያለው ጣት ዛሬ ባይታይም ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ካርዱን ቀጥታ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ አጋድሙት፣ ማስመሪያ ከጎኑ አድርጉ፣ ስልኩን ከላይ ትይዩ ያዙ፣ ፍላሽ አጥፉ። ስካነር ከተገኘ 600 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ) ይበቃል። የቆዩት ካርዶች አብዛኞቹ 9 በ14 ሴንቲ ሜትር ግድም ናቸው፤ 10.5 በ15 የሆነው ብዙውን ጊዜ የኋለኛ ዘመን ነው።

ዘመኑን የሚናገረው ግን ጀርባው ነው። መሐል ላይ ከላይ ወደ ታች የሚከፍል መስመር ከሌለና ሙሉው ቦታ ለአድራሻ ብቻ ከተተወ፣ የፈረንሳይ ካርድ ከሆነ የታተመው ከ1904 በፊት ነው ማለት ይቻላል። ያኔ መልእክቱ የሚጻፈው በሥዕሉ ጠርዝ ላይ ስለነበር ፊቱ ላይ ያለውን ጽሕፈት እንደ ቆሻሻ እንዳትቆጥሩት። ቀጥሎ የግዛቱን ስም እዩ። «የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ» የሚለው ስም እስከ 1967 ቆይቷል፤ «የአፋርና የኢሳ ግዛት» ካለ ከ1967 እስከ 1977 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጅቡቲ ነጻ አገር ናት። በ1902 የወጡት የጠረፉ ቴምብሮች አንዳንዶቹ የታጁራን መስጊድ ምስል የያዙ ናቸው። ካርዱ ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የተላከ ሆኖ የምኒልክ ቴምብርና የጅቡቲ ቴምብር ጎን ለጎን ካሉበት እሰየው! ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የራሷ ቴምብር ብቻውን ባሕር አያሻግርም ነበር። ቴምብሩን አትላጡ፤ ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ካርዱ ላይ ነውና ሁለቱም ምስክርነታቸውን ያጣሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የማኅተሙ ቀን የተላከበት እንጂ ፎቶው የተነሣበት አይደለም። አታሚዎች አንዱን ፎቶ ለብዙ ዓመት ደጋግመው ያትሙት ነበር። ጀርባው ላይ በዓመተ ምሕረት የተጻፈ ቀን ካለ፣ ዓመቱን ወደ አውሮፓውያን ለመመለስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ደምሩበት።

10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ሥዕሉን ተመልከቱ። በረድፍ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ከታዩ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ነጠብጣብ ጭራሽ ከሌለና ጥቁሩ ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ከሄደ የታጠበ ፎቶግራፍ ነው። በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ብርማ ጸዳል ቢታይ በፎቶው ውስጥ ያለው ብር ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ አትፈትጉት።

የሥዕሉን መግለጫ ጽሑፍም ዝም ብላችሁ አትመኑ። ከታጁራ ጀርባ የጎዳ ተራሮች ይነሣሉ፤ ነጫጭ መስጊዶቿም የታወቁ ናቸው። ሥዕሉ ሰፊ ወደብና የባቡር ሐዲድ ካሳየ ጅቡቲ ከተማ ሳይሆን አይቀርም። የታጁራን ታሪክ ስትጽፉ ከሸዋ ጋር የሚያያይዛትን አስቀድሙ፦ በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ከታጁራ ተነሥቶ ነው፤ ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ጭኖ በ1886 ከዚያው ተነሥቶ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ቅፍለቱ የአሳል ሐይቅን ጨው ያመጣ ነበር፤ ወደ ባሕር ሲመለስ ከሚወስደው መካከል ግን ለሽያጭ የሚነዱ ሰዎችም ነበሩ፤ ይህ ከታሪኩ አይቀነስ። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ወደ ጅቡቲ ዞረ።

ለማቆየት፦ ፕላስተር፣ ሙጫና ላሚኔሽን ፈጽሞ አይነኩት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያቃጥላል፣ ላሚኔሽንም ተመልሶ አይነቀልም። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ብቻ አራግፉ፤ ውኃ የድሮ ቀለም ያፈሳል። የታጠበ ፎቶን በቀጥታ መስታወት ላይ አትለጥፉ፤ በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ይጣበቅና ሲላቀቅ ምስሉ ይገነጠላል። በንጹሕ ነጭ ፖስታ ከትታችሁ በካርቶን አድርጉና ከምድጃ ጭስ፣ ከውጭ ግድግዳና ከወለል አርቁት። የሽማግሌዎች ምስክርነት ሲገኝ የተናጋሪው ስምና ቀን ያለበት ሌላ ወረቀት ላይ ይጻፍና በፖስታው ውስጥ አብሮ ይቀመጥ፤ ካርዱ ላይ የግድ ምልክት ካስፈለገ በጀርባው ጥግ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ፣ ቁጥር ብቻ።