የቢሮ ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ፎልደር እንዲልክ ማድረግ

ኮፒ ማሽን ስካን ያደረገውን አልልክም ሲል ብዙ ሰው ተሽቀዳድሞ የሚነካካው ማሽኑን ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ኮምፒውተሩ ጋ ነው። ማሽኑ የሚያደርገው አንድ ሠራተኛ ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ ሼር የተደረገ ፎልደር ሲከፍት ከሚያደርገው አይለይም፤ አድራሻውን ፈልጎ ይደርሳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ ስምና ፓስወርድ ይሰጣል፣ ፋይሉን አስቀምጦ ይወጣል። ስለዚህ ሥራው ከኮምፒውተሩ ይጀምራል፤ ማሽኑ ላይ የሚቀረው መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ነገር ናት።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገር በእጅዎ ይኑር፦ የኮምፒውተሩ አድሚን አካውንት፣ የማሽኑ አድሚን ፓስወርድ፣ እና ማሽኑ ኤስኤምቢ በሚባለው (ዊንዶውስ ፎልደሮችን በኔትወርክ ሼር በሚያደርግበት) መንገድ ወደ ፎልደር መላክ የሚችል መሆኑን ማረጋገጫ። ኮፒና ፕሪንት ብቻ የሚሠሩ፣ ስካን የማድረጊያው ክፍል ለብቻው የሚገዛላቸው ማሽኖች አሉ። ስካን የሚለው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ከሌለ ወይም ፈዞ ከታየ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ አይጠቅምዎትም። ማሽኑና ኮምፒውተሩ አንድ ኔትወርክ ላይ መሆን አለባቸው። ማሽኑን በኬብል ያገናኙ። ዋይፋይ ግዴታ ከሆነ ለእንግዶች የተከፈተውን ኔትወርክ አይጠቀሙ፤ እሱ የተገናኙትን ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ አድርጎ ይለያያቸዋል።

አድራሻውን ማጽናት

የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ (ኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን ቁጥር) ለማየት ዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ከሚለው ገብተው የተገናኙበትን መስመር ይክፈቱ፤ አይፒቪ4 ከሚለው ጎን እንደ 192.168.1.20 ያለ ቁጥር ያገኛሉ። በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካዩ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም ማለት ነው፤ ኬብሉን ሳያስተካክሉ ወደፊት አይሂዱ።

ይህ ቁጥር ራውተሩ ለጊዜው ያዋሰው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ኮምፒውተሩ ለቀናት ተዘግቶ ሲከፈት ሊቀየር ይችላል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ በድሮው አድራሻ ማንኳኳቱን ይቀጥላል። ‹ትናንት ይሠራ ነበር፣ ማንም የነካው የለም› የሚባለው ብልሽት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። የተሻለው ራውተሩ ላይ ገብቶ ያ አድራሻ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ነው። በእጅ ሲጽፉ ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጪ የሆነ ቁጥር ይምረጡ፤ ራውተሩ ከ100 እስከ 200 ያለውን የሚያድል ከሆነ 20 ይሁን። አለበለዚያ ሁለት ዕቃዎች አንድ ቁጥር ይዘው ይጋጫሉ። ላፕቶፕ ከሆነ የመጀመሪያውን መንገድ ይጠቀሙ፤ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ላፕቶፑ ሌላ ቦታ ሲሄድ ኢንተርኔት ያሳጣዋል። ዋይፋይ ላይ ያለ ከሆነ ደግሞ ራንደም ሃርድዌር አድሬስ የሚለውን ያጥፉ፤ ካልጠፋ ራውተሩ ኮምፒውተሩን ላያውቀው ይችላል።

በኮምፒውተሩ ስም መላክም ይቻላል፤ ግን ማሽኑ ስሙን ወደ ቁጥር መተርጎም አለበት፣ ይህም በትናንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ ላይ አንድ ቀን ሠርቶ አንድ ቀን ይሰንፋል። ቁጥሩ ይሻላል።

ለማሽኑ የራሱ አካውንት

የራስዎን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ለማሽኑ አይስጡ። ፓስወርድዎን በቀየሩ ቁጥር ስካን ይቆማል፤ በዚያ ላይ የማሽኑን አድሚን ገጽ መክፈት የሚችል ሁሉ በእርስዎ ስም የተመዘገበ ነገር ያገኛል። ደግሞም ብዙዎች ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱት በፒን ወይም በጣት አሻራ ነው፤ ፒን ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የተሠራ ስለሆነ በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ማሽኑ ላይ ፒን ጽፎ ‹ፓስወርዱ ትክክል ነው እኮ› የሚል ሰው ብዙ ነው።

በዊንዶውስ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ፣ ቀጥሎ አዘር ዩዘርስ ውስጥ ገብተው አዲስ ሰው ይጨምሩ። ኢሜይል ሲጠይቅዎት የዚህን ሰው መረጃ አላውቅም የሚለውን፣ ቀጥሎም ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት ጨምር የሚለውን ይጫኑ። ስሙ አጭር፣ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት የተጻፈና ክፍት ቦታ የሌለው ይሁን። ፓስወርድ የግድ ነው፤ ዊንዶውስ ባዶ ፓስወርድ ያለውን አካውንት በኔትወርክ በኩል አያስገባም። ከ12 እስከ 14 የሚደርሱ ፊደላትና ቁጥሮች በቂ ናቸው። ልዩ ምልክቶችን ይተዉ፤ አሮጌ ማሽኖች አንዳንዶቹን አይቀበሉም ወይም ሳይናገሩ ይቆርጧቸዋል።

ዊንዶውስ ፕሮ ከሆነ ኮምፒውተር ማኔጅመንት ውስጥ ሎካል ዩዘርስ ኤንድ ግሩፕስ ከፍተው በአካውንቱ ላይ ፓስወርድ ኔቨር ኤክስፓየርስ የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ይህ ካልተደረገ የዊንዶውስ መነሻ ደንብ ለፓስወርድ የሚሰጠው ዕድሜ 42 ቀን ነው፤ ከተዘጋጀ ከወር ከምናምን በኋላ ድንገት የሚቆም ስካን ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ፎልደሩ

ፎልደሩን ዴስክቶፕ ላይ ወይም ዶክመንትስ ውስጥ አያድርጉት። እነዚህ በባለቤታቸው ፕሮፋይል ውስጥ ስላሉ ለሌላ አካውንት ዝግ ናቸው፤ ዋንድራይቭ (የማይክሮሶፍት የኦንላይን ማከማቻ) ከበራ ደግሞ ቦታቸው ይቀየራል። በሲ ወይም በዲ ድራይቭ ሥር፣ ከሌላ ፎልደር ውስጥ ሳይገባ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አጭር ቃል ሰጥተው ይክፈቱት። በአማርኛ የተጻፈ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ችግር የለውም፤ ብዙ ማሽኖች ግን አያነቡትም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ጋ ደረስን። ፎልደሩ ሁለት በር አለው፤ አንዱ የሼሪንግ ፈቃድ፣ ሌላው የፋይል ሲስተሙ ፈቃድ። በኔትወርክ የሚመጣ ሰው ሁለቱንም ማለፍ አለበት፤ የሚሠራለትም ጠበብ ያለው ነው። አንዱን ከፍተው ሌላውን ከረሱ ፎልደሩ ይታያል፣ ፋይል ግን አይገባም።

ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ፣ ሼሪንግ፣ አድቫንስድ ሼሪንግ ይክፈቱ። ሼር ዚስ ፎልደር የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉና ፐርሚሽንስ ውስጥ ይግቡ። ኤቭሪዋን የሚለውን አውጥተው የፈጠሩትን አካውንትና ፋይሎቹን የሚያነሱትን ሠራተኞች ያስገቡ፤ ለአካውንቱ ቼንጅ እና ሪድ ይፍቀዱ። ከዚያ ሴኪዩሪቲ ወደሚለው ይሻገሩ፣ ኤዲት ብለው ያንኑ አካውንት ይጨምሩና ሞዲፋይ ይስጡት። ራይት ብቻ መስጠት የሚበቃ ይመስላል፤ ግን አንዳንድ ማሽኖች ፋይሉን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ጽፈው ሲጨርሱ ስሙን ስለሚቀይሩ ራይት ብቻ ሲሆን ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማሉ።

በሩን መክፈት

ኮምፒውተሩ የተገናኘበት ኔትወርክ ፐብሊክ ተብሎ ከተመዘገበ ዊንዶውስ ከሌላ ዕቃ የሚመጣውን የፋይል ሼሪንግ ጥያቄ በነባሪነት ይዘጋል። አይፒውን ባዩበት ገጽ ላይ ፕራይቬት ወደሚለው ይቀይሩት። ቀጥሎ አድቫንስድ ሼሪንግ ሴቲንግስ ውስጥ ለፕራይቬት ፋይል ኤንድ ፕሪንተር ሼሪንግ ይብራ። ይህ ሲበራ ዊንዶውስ ራሱ ፋየርዎሉ (የኔትወርክ መከላከያው) ላይ ኤስኤምቢ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 445ን፣ ይከፍታል። ሌላ አንቲቫይረስ ከራሱ ፋየርዎል ጋር ተጭኖ ከሆነ እዚያም ያንኑ ፖርት መፍቀድ ያስፈልጋል። ለመሞከር ብለው ፋየርዎሉን ሙሉ በሙሉ ካጠፉ ደቂቃ ሳያሳልፉ መልሰው ያብሩት።

ኮምፒውተሩ ስሊፕ ውስጥ ሲገባ በሩም አብሮ ይዘጋል። ፓወር ውስጥ ስክሪኑ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ስሊፕ ግን ኔቨር ይሁን።

ማሽኑን ሳይነኩ ይሞክሩ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ግማሽ ቀን ያባክናል። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ኤክስፕሎረር ከፍተው የአድራሻው መስመር ላይ \\192.168.1.20 ብለው በአንድ ተጨማሪ \ የፎልደሩን ሼር ስም (አድቫንስድ ሼሪንግ ውስጥ ሼር ኔም የሚለው ላይ ያለውን) ያስከትሉ። ዩዘርኔም ሲጠይቅ የኮምፒውተሩን ስም፣ ቀጥሎ \፣ ቀጥሎ የአዲሱን አካውንት ስም ይጻፉ። ከገቡ በኋላ ባዶ የጽሑፍ ፋይል ይፍጠሩ፣ ስሙን ይቀይሩ፣ ያጥፉት። ሦስቱም ከሠሩ ኮምፒውተሩ ጨርሷል፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ስህተት የማሽኑ ነው። አድራሻው ጭራሽ አልተገኘም ካለ ወደ ፋየርዎሉና ወደ ኔትወርኩ ዓይነት ይመለሱ። ደጋግሞ ፓስወርድ ከጠየቀ አካውንቱን ይመርምሩ፤ ገብቶ መጻፍ ከከለከለ የፎልደሩ ሁለተኛ በር ተረስቷል።

አሁን ወደ ማሽኑ

ሁሉንም በማሽኑ ስክሪን መጻፍ ይቻላል፤ ግን ጣትን ያደክማል፣ ለስህተትም ያጋልጣል። የማሽኑን አይፒ ከኔትወርክ ሜኑው ወይም ከሚያትመው የሴቲንግ ገጽ ላይ አንብበው በብሮውዘር ይክፈቱት። በአድሚን ፓስወርድ ይግቡ፤ ፓስወርዱ ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ አሁኑኑ ይቀይሩት። አድሬስ ቡክ ውስጥ አዲስ አድራሻ ይጨምሩና ዓይነቱን ኤስኤምቢ ይበሉ።

ባዶ ቦታዎቹ ከማሽን ማሽን ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ያሳስታል። ሪኮ አድራሻውን በሙሉ በአንድ መስመር ይፈልጋል፤ ሁለት \፣ አይፒው፣ አንድ \፣ ሼር ስሙ። ኮኒካ ሚኖልታ ለሁለት ይከፍለዋል፤ ሆስት አድሬስ ላይ አይፒው ብቻ፣ ፋይል ፓዝ ላይ ሼር ስሙ ብቻ፣ መጀመሪያው ላይ \ የለውም። ኪዮሴራም ሆስትና ፓዝን ይለያል፤ ፖርት ሲጠይቅ 445 ነው፣ ዩዘርኔሙ ላይም የኮምፒውተሩን ስም ከፊት መጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል። ካኖን ላይ ሆስት ኔም በሚለው \\ አይፒው \ ሼር ስሙ ይገባል፤ ፎልደር ፓዝ ውስጥ ሌላ ፎልደር ከሌለ ባዶ ይቀራል። እዚህ ላይ የሚጻፈው ሼር የተደረገበት ስም እንጂ ሲ ድራይቭ ብሎ የሚጀምረው የኮምፒውተሩ ውስጣዊ አድራሻ አይደለም። / እና \ም አንድ አይደሉም።

የሙከራ ቁልፍ ካለው ይጫኑት። ከሌለው አንድ ገጽ ስካን አድርገው ይላኩ።

ኮምፒውተሩ ደህና ሆኖ ማሽኑ እምቢ ሲል

አንደኛው ጥርጣሬ የኤስኤምቢ እትም ነው። አሮጌ ማሽኖች የሚያውቁት ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው 1709 እትም ጀምሮ እሱን በነባሪነት አይጭንም። ማሽኑ ላይ ኤስኤምቢ 2 ወይም 3 የሚል ምርጫ ይፈልጉ፤ ከሌለ ፈርምዌሩን (የማሽኑን ውስጣዊ ሶፍትዌር) ያሳድሱ፣ ምርጫው ከዚያ በኋላ ብቅ የሚልባቸው ማሽኖች ብዙ ናቸው። ኤስኤምቢ 1ን ዊንዶውስ ላይ መልሶ መጫን በየቦታው የሚመከር አቋራጭ ነው። አይመከርም፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ነው። ማሽኑ ጭራሽ የማይሻሻል ከሆነ በኢሜይል እንዲልክ ማድረግ ወይም ፋይሉን ዩኤስቢ ላይ ማውጣት ይሻላል።

ሁለተኛው ዊንዶውስ 11 ወደ 24ኤች2 ከተሻሻለ በኋላ የሚመጣው ነው። ከዚያ እትም ጀምሮ ፕሮ፣ ኢንተርፕራይዝና ኤጁኬሽን እያንዳንዱ የኤስኤምቢ ግንኙነት በዲጂታል ፊርማ እንዲታሰር ግድ ይላሉ፤ ኤንቲኤልኤም 1 የሚባለው የድሮ የፓስወርድ አሰጣጥም ተወግዷል። ማሽኑ ላይ ኤስኤምቢ ሳይኒንግ እና ኤንቲኤልኤም 2 ያብሩ። ሳይኒንግ የማይችል ማሽን ከሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ሎካል ሴኪዩሪቲ ፖሊሲ ውስጥ ለኔትወርክ ሰርቨር የተጻፈውን የዲጂታሊ ሳይን ኦልዌይስ ደንብ ማጥፋት ይቻላል። መከላከያን ማላላት ስለሆነ ግን መጀመሪያ ፈርምዌሩን ይሞክሩ።

የማሽኑን ሰዓትና ቀንም ይመልከቱ። ባትሪው ያለቀ ማሽን ከዓመታት በፊት ላይ ቆሞ ይገኛል። ኮምፒውተሩ ዶሜይን (አካውንቶች በአንድ ሰርቨር የሚተዳደሩበት የድርጅት ኔትወርክ) ውስጥ ሆኖ ኬርቤሮስ የሚባለውን የመግቢያ ማረጋገጫ የሚጠቀም ከሆነ ከ5 ደቂቃ በላይ ልዩነት ብቻውን ያስከለክላል። በተሳሳተ ፓስወርድ ደጋግመው ከሞከሩ ደግሞ አዳዲስ ዊንዶውስ 11 ከ10 ስህተት በኋላ አካውንቱን ለ10 ደቂቃ ይቆልፈዋል፤ ያኔ ትክክለኛው ፓስወርድም አይሠራም። ሻይ ጠጥተው ይመለሱ።

የፋይሉ መጠን

ለተራ ደብዳቤ 200 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የነጥብ ብዛት) ጥቁርና ነጭ ይበቃል፤ ትንንሽ ጽሑፍ ላለው ወይም ወደ ጽሑፍ ለሚቀየር 300 ይሁን። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ 2480 በ3508 ነጥብ ነው፤ በሙሉ ቀለም ሳይታመቅ ወደ 26 ሜጋባይት ይሆናል። ፒዲኤፍ ስለሚያምቀው በጣም ይቀንሳል፤ ቢሆንም ሁሉንም ነገር በቀለምና በ600 የሚልክ ሰው ኔትወርኩንም ዲስኩንም ያጨናንቃል። አጫጭር ስካኖች እየሄዱ ረጃጅሞቹ ብቻ ከተቋረጡ መጠኑን ዝቅ አድርገው ይሞክሩ፣ ዲስኩም አለመሙላቱን ይመልከቱ።

አንድ ፎልደር ለሁሉም ከሆነ የአንዱን የደመወዝ ወረቀት ሌላው ያነበዋል። በዋናው ፎልደር ውስጥ ለየሠራተኛው ንዑስ ፎልደር ከፍተው ሴኪዩሪቲ ላይ የማሽኑን አካውንትና ባለቤቱን ብቻ ያስቀሩ፤ አድሬስ ቡኩ ላይም ለእያንዳንዱ በስሙ የሚጫን ቁልፍ ያዘጋጁለት።