የዘመኑን ቀለም ከመቁረጣችሁ በፊት መስኮት አጠገብ ውሰዱት

አንዲት ደንበኛ ጃኬትና ጉርድ ልታሰፋ መጣች። ጨርቁን አብረን ሄደን ገዛን፤ ለጃኬቱ ወፈር ያለ ሱፍ፣ ለጉርዱ ቀለል ያለ፣ ሁለቱም ጥቁር ሰማያዊ። ሱቁ ውስጥ ጎን ለጎን ዘርግተን ስናያቸው ምንም ልዩነት የላቸውም። ሰፍቼ ጨረስኩ፣ ለብሳ ከበር ወጣች፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ጉርዱ ሐምራዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ጃኬቱ እንደነበረ ነው። «አብረን ባንገዛው ኖሮ ጨርቄን ለወጥሽብኝ እል ነበር» አለችኝ። ጉርዱን በራሴ ወጪ ደግሜ ሰፋሁ።

በተለያየ ማቅለሚያ የተነከሩ ሁለት ጨርቆች በአንድ መብራት ሥር ተመሳስለው፣ መብራቱ ሲቀየር ሊለያዩ ይችላሉ። ባለሙያዎቹ ሜታመሪዝም ይሉታል። እኔ ትምህርቱን የከፈልኩበት ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሜ የምላችሁ ይህንን ነው፦ ከጨርቁ ትንሽ ቁራጭ ለምኑና በሦስት ብርሃን እዩት። ቀን መስኮት አጠገብ፣ ማታ ቢጫ በሚያደላው አምፖል ሥር፣ ከዚያ ደግሞ ልብሱ በሚለበስበት ቦታ። የብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ያደላል። የቀን ብርሃን 6500 ኬልቪን አካባቢ ነው፣ ሞቅ ያለው የቤት አምፖል 2700 ገደማ። ቢጫው አምፖል ሰማያዊን ያደበዝዛል፣ ቀይና ብርቱካናማን ያሞቃል። የማታ ልብስ ከሆነ ውሳኔው የማታው መብራት ነው፤ የሱቁ መብራት ምን እንደሚል አትስሙት።

ቀጥሎ የቀለሙን ጎረቤት፣ ማለትም አጠገቡ የሚውለውን ቀለም እዩ። ሚሼል ዩጂን ሼቭሮል የሚባል ኬሚስት ፓሪስ ውስጥ በጎብለን የምንጣፍ ሥራ ቤት የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ሳለ፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል ስሞታ ይደርሰዋል። ክሩን ቢመረምረው ጥቁርነቱ ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ሐምራዊ ክሮች ነበሩ። ሰውየው ነገሩን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1839 በመጽሐፍ አወጣው። እናንተ በአምስት ደቂቃ ልታዩት ትችላላችሁ። ከአንድ ግራጫ ጨርቅ ሁለት እኩል ቁራጭ ቁረጡ፣ አንዱን ደማቅ ቢጫ ላይ፣ ሌላውን ጥቁር ሰማያዊ ላይ አስቀምጡ። ቢጫው ላይ ያለው ጠቆር ብሎ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል፣ ሰማያዊው ላይ ያለው ፈካ ይላል። ለጀማሪ ሳሳየው አንዱን ቁራጭ አንስቶ ከሌላው ጋር ካላስተያየ አያምነኝም። ስለዚህ ገበሩን፣ ቁልፉንና ክሩን በየብቻቸው አትምረጡ፤ ከዋናው ጨርቅ ላይ አኑራችሁ ምረጡ።

አሁን ወደ ስሜቱ እንምጣ። «ቀይ ፍቅር ነው፣ ሰማያዊ እርጋታ ነው፣ ቢጫ ደስታ ነው» የሚሉ ሰንጠረዦች በየቦታው አሉ፤ እኔ አልገዛቸውም። እ.ኤ.አ. በ1979 በሲያትል የባሕር ኃይል ማረሚያ ውስጥ እስረኞችን ያረጋጋል ተብሎ አንድ ክፍል ሮዝ ተቀባ፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ። በኋላ በጥንቃቄ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ያንን የማረጋጋት ኃይል አላገኙለትም። ይልቅ እኔ በሥራዬ የማየው፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ቫልዴዝና ሜህራቢያን የተባሉ ተመራማሪዎች ካገኙት ጋር ይገጥማል፦ ስሜትን ይበልጥ የሚያንቀሳቅሰው ቀለሙ ምን ያህል ደማቅና ምን ያህል ፈካ ያለ መሆኑ ነው። ደማቅ ሰማያዊ ይጮኻል፤ ወደ ቡናማ የሚያደላ ደብዛዛ ቀይ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ስለዚህ ደንበኛ «የሚያረጋጋ ነገር» ስትለኝ ወደ ሰማያዊ አልሮጥም። የምትወደውን ቀለም እጠይቃትና ድምቀቱን ዝቅ አደርገዋለሁ። «ከሩቅ ልታይ» ካለች ደግሞ ቀለሙን ትቼ የፈካና የጠቆረ ልዩነት እፈልጋለሁ። ለዚህ ስልክ ይበቃል፦ ጨርቆቹን ደርድራችሁ አንሱና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ለምሳሌ አረንጓዴውና ቀዩ አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑ ከሩቅ ተቀላቅለው ይታያሉ። ፖስተር ለሚሠራም ያው ነው፣ እንዲያውም ለእሱ ይብሳል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግረው ሰው ጽሑፉን ጭራሽ ላያነበው ይችላል።

ፋሽኑስ? ፓንቶን የተባለው የቀለም ናሙናዎችን የሚያወጣ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የዓመቱን ቀለም ያውጃል። እ.ኤ.አ. ለ2024 ፒች ፈዝ የተባለ ፈዛዛ ኮክማ፣ ለ2025 ሞካ ሙስ የተባለ ለስላሳ ቡናማ፣ ለ2026 ክላውድ ዳንሰር የተባለ ነጭ መረጠ። (ነጭን የዓመቱ ቀለም ማለት ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ለልብስ አጣቢ የተነገረ ዜና ይመስለኛል።) አዋጁን አልንቀውም፤ የጨርቅ ሱቁን መደርደሪያ የሚሞላው እሱና መሰሎቹ ናቸው። ግን አዲሱን ቀለም የት እንደማስቀምጠው እጠነቀቃለሁ። ኮትና ሙሉ ልብስ ብዙ ዓመት ይለበሳል፣ እዚያ አላስገባውም። ስካርፍ፣ ገበር፣ ቀበቶ፣ የኪስ ጠርዝ ላይ ይግባ። ቤት የሚያስውቡ ሰዎች 60 በመቶ ለዋናው ቀለም፣ 30 ለሁለተኛው፣ 10 ለማድመቂያው የሚሉት አከፋፈል ለልብስም ይሠራል፤ አዲሱ ቀለም አሥሩ ውስጥ ይጀምር።

ፊት አጠገብ ከሆነ ሌላ ፈተና አለው። መስኮት ፊት ለፊት ቁሙ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጨርቁን ከአገጫችሁ ሥር ያዙትና ፊታችሁን እዩ፤ ጨርቁን አይደለም። ጨርቅ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ኮክማው አንዳንዱን አገጭ ሲያሞቀው አንዳንዱን የታመመ ያስመስለዋል። ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ከጠቆረ ያንን ቀለም ወደ ጉርድ አውርዱት፤ እዚያ ማንንም አይጎዳም።

በመጨረሻ ደብተር ያዙ። እኔ ከቆረጥኩት ጨርቅ ሁሉ ጥፍር የምታህል ቁራጭ እለጥፋለሁ፣ ከሥሯም ቀኑን፣ በየትኛው መብራት እንዳየኋትና ከምን ጋር እንደሰፋኋት እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የዚያ ጉርድና የዚያ ጃኬት ቁራጮች ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ማታ መብራት ሳበራ አሁንም አንድ ናቸው።