የአርባ ቀን ተዝካር ያለ ዕዳ ለማውጣት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ላረፈ ምእመን በሦስተኛው፣ በሰባተኛው፣ በዐሥራ ሁለተኛው፣ በሠላሳኛው፣ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፣ በመንፈቁና በሙት ዓመቱ መታሰቢያ ይደረጋል። ቤተሰብ አቅሙን የሚያፈስበት አርባው ነው። ጌታ ከተነሣ በኋላ ያረገው በአርባኛው ቀን ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም ወደ ገነት የገባው አርባ ቀን ሲሞላው እንደሆነ ይናገራል።

ተዝካር ጸሎት፣ ምጽዋትና ማዕድ ነው፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ብዙ ቤት ግን ከድግሱ ይጀምርና ገንዘቡም ጉልበቱም እዚያው ያልቃል። ቅዳሴው ለአንድ ሰው ይተዋል፤ ድኻው አጥር ሥር ትርፍራፊ ሲጠብቅ ይውላል። በጀት ስታወጡ መጀመሪያ ለቤተ ክርስቲያን፣ ቀጥሎ ለነዳያን (ለድኾች) መድቡ። ዘመድ የሚበላው በተረፈው ነው። ለተዝካር ተብሎ የሚገባ ዕዳ ያረፈውን አይጠቅምም፤ የቀሩትን ልጆች ይጎዳል።

ቀኑን መቁጠር

ያረፈበት ቀን እንደ አንድ ይቆጠራል። በእኛ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ ወደሚቀጥለው ወር ተሻገሩና በቀኑ ላይ 9 ጨምሩ። ድምሩ ከ30 ካለፈ ትርፉን ወደ ተከታዩ ወር ውሰዱት። ጥቅምት 12 ያረፈ ሰው አርባው ኅዳር 21 ይውላል። ስሕተት የሚበዛው ነሐሴ ላይ ነው፤ ጳጉሜን ትረሳለች። ነሐሴ 10 ያረፈ ሰው አርባው መስከረም 19 ሳይሆን መስከረም 14 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ደግሞ መስከረም 13። በፈረንጅ ቀን የምትቆጥሩ ካረፈበት ዕለት ላይ 39 ቀን ጨምሩ። አስከሬኑ ከውጭ አገር እስኪገባ ቀብሩ ዘግይቶ ከሆነ፣ ቆጠራው ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር የንስሐ አባትን ጠይቁ፤ አለዚያ ግማሹ ዘመድ በአንድ ቀን ግማሹ በሌላ ቀን ይመጣል።

ከዚያ ቀኑ ምን ላይ እንደዋለ ተመልከቱ። ለምሳሌ ኅዳር 21 የጽዮን ማርያም በዓል ስለሆነ ካህናቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ይያዛሉ፤ ጾመ ነቢያትም ኅዳር 15 ስለሚገባ ማዕዱ የጾም መሆን አለበት። በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚቀደሰው ከቀትር በኋላ ስለሆነ እንግዳ ለጠዋት አትጥሩ። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት (ላረፈ ሰው የሚደረስ የስርየት ጸሎት) አይደረግም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ጸሎተ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደርሳል። አርባው እዚያ ላይ ከወደቀ ቀደም ብሎ ይደረግ ወይም ከትንሣኤ በኋላ ይሁን የሚወስኑት ካህኑ ናቸው።

ከቤተ ክርስቲያን ጋር

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። «አባታችን፣ የእናታችን አርባ በዚህ ቀን ይውላል፤ ፍትሐትና ቅዳሴ ይደረግልን» ማለት ይበቃል። በእጃችሁ አንድ ወረቀት ይኑር፤ በላዩም የክርስትና ስሟ በጉልህ ተጽፎ፣ ያረፈችበት ቀንና ስልካችሁ። ስሙ ትልቁ ጉዳይ ነው። በጸሎቱ የሚጠራው «ወለተ ማርያም» ወይም «ገብረ ሚካኤል» የሚለው የጥምቀት ስም እንጂ ሰፈር የሚያውቀው ስም አይደለም። ልጆች የወላጆቻቸውን የክርስትና ስም ሳያውቁ ቀርተው ዋዜማው ላይ ስልክ ለስልክ ሲሯሯጡ ማየት የተለመደ ነው። የንስሐ አባትን፣ በሕይወት ካሉ የክርስትና እናትን ወይም አባትን ጠይቁ፤ የጥምቀት ካርድ ካለ ፈልጉ። ጨርሶ ካልተገኘ ደብቃችሁ የመሰላችሁን አትስጡ፤ ለካህኑ ንገሩ። እግረ መንገዳችሁን የራሳችሁንም ስም ለልጆቻችሁ ጻፉላቸው።

የምታቀርቡት መገበሪያ (ንጹሕ ስንዴ ወይም የስንዴ ዱቄትና ዘቢብ)፣ ጧፍና ዕጣን ነው። ለቅዳሴው ዳቦ ጋግሮ መሄድ ስሕተት ነው፤ ኅብስቱ የሚጋገረው በቤተ ልሔም፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ባለው የመሥዋዕት ማዘጋጃ ቤት ነው። ዱቄቱ ሌላ እህል የነካው አይሁን። መጠኑ ከደብር ደብር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መገበሪያውንም በዋዜማው ሳይሆን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት አድርሱ።

በዕለቱ ቤተሰቡ ቅዳሴ ይቁም። ንስሐ የገባና የተዘጋጀ ሰው 18 ሰዓት ጾሞ ይቍረብ። ወጥ ጠባቂ ሆኖ የሚቀረው ጎረቤት ይሁን እንጂ ልጅ አይሁን። ጳውሎስ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች ደግሞ እንዳታዝኑ» ሲል አታልቅሱ አላለም፤ ሐዘናችን ተስፋ ያለው ይሁን ነው ያለው። ያ ተስፋ በየቅዳሴው በጸሎተ ሃይማኖት ይነገራል፤ የሙታንን መነሣት፣ የሚመጣውንም ሕይወት ተስፋ እናደርጋለን። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት የጻድቃን ነፍስ እስከ ትንሣኤ ዘጉባኤ (ሙታን ሁሉ በአንድነት እስከሚነሡበት ቀን) በገነት ትቆያለች፤ መንግሥተ ሰማያት የምትወረሰው ነፍስና ሥጋ ተዋሕደው ከተነሡ፣ ጌታም ለፍርድ ከመጣ በኋላ ነው። እናታችሁም እናንተም የምትጠብቁት ያንኑ አንድ ቀን ነው፤ ስሟ በመሥዋዕቱ ፊት ሲጠራ አብራችሁ ልትቆሙ የሚገባው ለዚህ ነው።

ማዕዱ

በሉቃስ ወንጌል 14 ጌታ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ፤ በጻድቃን ትንሣኤ ይመለስልሃል ይላል። ተዝካር ከዚህ ቃል ጋር የሚገጥመው ነዳያን መጀመሪያ፣ ተቀምጠው፣ ትኩሱን ሲበሉ ነው። በር ላይ በፌስታል ማደል ጥድፊያና ግፊያ ያመጣል፤ ደካማውና ዐይነ ስውሩ ባዶ እጁን ይመለሳል። በሃያ በሃያ ሰው አስቀምጡ፤ እጅ የሚያስታጥብ ሰውም መድቡ።

ለ50 ሰው የጾም ማዕድ 100 እንጀራ፣ 4 ኪሎ የምስር ክክ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ ለሁለቱም ወጥ 6 ኪሎ ያህል ሽንኩርትና 3 ሊትር ዘይት፣ ለዳቦ 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ይበቃል። ድስቱን፣ ትሪውንና ወንበሩን ከእድር ውሰዱ፤ ለመግዛትም ለመከራየትም አትቸኩሉ። ንፍሮ ከፈለጋችሁ ስንዴውንና ሽምብራውን ለየብቻ አሳድሩ። ሽምብራው ቀድሞ ይጣድ፤ ሲለሰልስ ስንዴው ይግባ፤ ጨው መጨረሻ ላይ። አንድ ላይ ከተጣዱ ስንዴው ሲፈርስ ሽምብራው ገና ጥሬ ነው።

ብዙ ተዝካር ላይ የሚበላሸው ምስር ወጥ ነው። ማታ ተሠርቶ በትልቅ ድስት እንደተከደነ ካደረ መሐሉ ሳይቀዘቅዝ ስለሚያነጋ ይመጥጣል። ወይ ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥታችሁ ሥሩት፣ ወይ ማታ ሠርታችሁ በሰፋፊ ሳሕኖች ዘርግታችሁ አቀዝቅዙና ፍሪጅ አስገቡት። ጠዋት እስኪንተከተክ አሙቁት።

ማዕዱ ሳይነካ ካህኑ ጸበል ጻዲቁን ይባርኩ፤ የእረፍቷ መታሰቢያ እንደሆነ ስሟን ጠርተው ይናገሩ። መጠጥ ይቀነስ። ጠላ ቢኖርም አረቄ ባይኖር ይሻላል፤ አመሻሹ ላይ ጸሎቱን የሚያስረሳው እሱ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ

ብዙ አጥቢያ የሚቀድሰው እሑድ እሑድ ብቻ ስለሆነ አርባው በአቅራቢያው ወዳለው እሑድ ይዛወራል፤ ነውር የለውም። በትክክለኛው ቀን አገር ቤት ባለው ደብር ስሙ እንዲጠራ ቀድማችሁ አስነግሩ። አዳራሽ ስትከራዩ ጧፍ ማብራትና ዕጣን ማጠን መፈቀዱን ጠይቁ፤ የጢስ መቆጣጠሪያው ይጮሃል። በአረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩና መውጣት የማትችሉ፣ የክርስትና ስሙንና የመገበሪያውን ገንዘብ ለምታምኑት ዘመድ ላኩ፤ በዕለቱም መዝሙረ ዳዊት ድገሙ። ቅዳሴ ላይ አለመገኘታችሁ መታሰቢያውን አያጎድለውም።

ማዕዱ ሲያልቅ የተረፈውን በዚያው ቀን ለነዳያን ወይም ለአረጋውያን መጠለያ አድርሱ። ከደብሩ ሳትወጡም ሰማንያውን፣ መንፈቁንና ሙት ዓመቱን አስመዝግቡ፤ እነዚህ ድግስ አይፈልጉም፤ መገበሪያ፣ ጧፍና የተጻፈ ስም ይበቃቸዋል።