የአባባ መኪና በግል ግቢ ጎማው ሲታሰር፦ የተጠየቀውን ገንዘብ እንዴት መቃወም ይቻላል

ደሴ ላይ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር መኪና ማቆሚያ ማግኘት ፈተና ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ብዙ። እግራቸው የከበዳቸው አባት ለባንክ ወይም ለፋርማሲ እንዲቀርባቸው ያገኙት ግቢ ገብተው ያቆማሉ። ሲመለሱ ጎማው ላይ ክላምፕ (መኪናው እንዳይንቀሳቀስ የሚያስር ብረት) ተቆልፎ፣ ጥበቃው «3 ሺህ ብር ቅጣት» ይላል እንበል። አብዛኛው ቤተሰብ እዚህ ላይ ዋጋ ወደ መከራከር ይገባል፤ ወደ 1,500 ሲወርድለት ተመስገን ብሎ ከፍሎ ይሄዳል። ይህን ሲያደርግ ግን ዕዳውን አምኖ ተቀበለ ማለት ነው። ስለ መጠኑ ከማውራት በፊት ያሰረው ሰው በምን መብት እንዳሰረ ይጠየቅ።

መጀመሪያ ያሰረውን ለዩ

ያሰረው ትራፊክ ፖሊስ ወይም የከተማው አስተዳደር ከሆነ ይህ ጽሑፍ አይመለከታችሁም፤ የቅጣት ወረቀቱን ይዛችሁ አቤቱታችሁን ወደ ሰጠው መሥሪያ ቤት ውሰዱ። በማህበር ተደራጅተው የመንገድ ዳር ፓርኪንግ የሚያስከፍሉ ወጣቶች ከሆኑ ደግሞ ሊጠይቁ የሚችሉት የተፈቀደላቸውን የሰዓት ሂሳብ ነው፤ ተመኑንና ደረሰኙን እንዲያሳዩ ጠይቁ።

የህንፃ ባለቤት፣ የገበያ ማዕከል ወይም የቀጠረው ጥበቃ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መቅጣት የመንግሥት ሥልጣን ነው። የግል ሰው ሊጠይቅ የሚችለው በውል የተስማሙለትን ወይም በእርግጥ የደረሰበትን ኪሳራ ነው። ውል አለ የሚለው ደግሞ በሩ ላይ የለጠፈውን ታፔላ ይዞ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1686 እንደሚለው፣ አንድ ወገን ለራሱ ሥራ ያወጣቸው ጠቅላላ ሁኔታዎች በመንግሥት የታዘዙ ወይም የጸደቁ ካልሆኑ በቀር፣ ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ዐውቆ ሲቀበላቸው ነው። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ አባባ ሲገቡ ያንን ጽሑፍ ማየትና ማንበብ ይችሉ ነበር?

ከመክፈል በፊት ያሉት 20 ደቂቃዎች

ከሁሉ በፊት እሳቸውን ጥላ ወይም ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጡ። መድኃኒታቸውንና ሊብሬውን ከመኪናው አውጡ። «አብሽር፣ እኛ እንጨርሰዋለን» በሏቸውና ከጥበቃው ጋር ከሚደረገው ንግግር አርቋቸው፤ ሽማግሌ ሰው ሲጨነቅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ይፈርማል።

ከዚያ ስልካችሁን አውጡ። የመጀመሪያው ፎቶ ታርጋው፣ ክላምፑና አካባቢው አንድ ላይ የሚታዩበት ይሁን። ሁለተኛው ከሁሉ ይበልጣል፦ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ በገቡበት በር አቅጣጫ፣ በእሳቸው ዐይን ከፍታ አንሱ። መኪናው ታስሮ ስለማይንቀሳቀስ ሌላ መኪና ተጠቀሙ፣ ወይም በሩ ላይ ጎንበስ ብላችሁ አንሱ። ታፔላው በተከፈተው የብረት በር ጀርባ ተሸፍኖ ወይም ከግንቡ ላይ በጣም ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ቆማችሁ ስታነሱት አይታይም። ፊደሉ ትንሽ ከሆነ አጠገቡ እስክሪብቶ ያዙና አንሱት፤ ዳኛው መጠኑን በዐይኑ ይመዝናል። ክረምት ከሆነና የደሴ ጉም ከወረደ እሱንም ጨምሩ፤ በዚያ ጉም 10 ሜትር ርቆ ያለ ጽሑፍ አይነበብም። ጉዳዩ ማታ ከሆነ ፎቶውን በማግስቱ ቀን ብርሃን አታንሱት።

በመጨረሻ ቸርኬውንና የመከላከያውን ጠርዝ ክላምፑ ሳይፈታ አንሱ። ሲፈታ ጭረት ቢገኝ «ድሮም ነበረ» ይባላል፤ ጭረቱን ያደረሰው ማን እንደሆነ የሚለየው ከመፈታቱ በፊት የተነሳው ፎቶ ነው።

ለጥበቃው በእርጋታ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ «ወንድሜ፣ እንድታስር ያዘዘህ ማነው? ዋጋው የት ተጽፏል? ደረሰኝ ትሰጣለህ?» መልሱን ከሰዓቱ ጋር ጻፉ። ጥበቃው ተቀጣሪ ነው፤ ከእሱ ጋር መጣላት ለምስክርነት የሚጠቅማችሁን ሰው ማጣት ነው። ያዩ ሁለት ሰዎች ስምና ስልክ ያዙ፤ አጠገብ ያለ ሊስትሮ ወይም ባለሱቅ ከዘመድ ይልቅ ይታመናል።

ብረቱን በግራይንደር አታስቆርጡ። ባለቤትነቱ የሌላ ሰው ነው፤ ትክክለኞቹ እናንተ ሆናችሁ ሳለ በንብረት ማውደም ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ሞተር አስነስቶ ለመንቀል መሞከርም ቸርኬውን ያጣምማል፣ የፍሬን ቱቦ ሊበጥስ ይችላል።

አባባ ቀድመው ፈርመው ከሆነ አትደንግጡ። ማየት የተሳናቸው ወይም ማንበብ የማይችሉ ሆነው በወረቀት ላይ ጣታቸውን ካስነኳቸው፣ በቁጥር 1728 መሠረት ያ አሻራ በሕግ ፊት የሚያስገድዳቸው በሰነድ አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ሲረጋገጥ ነው። የወረቀቱን ፎቶ ግን መያዝ አለባችሁ።

መክፈል ካለባችሁ

መጀመሪያ ኃላፊውን አስጠርታችሁ ካለ ክፍያ እንዲፈታ ጠይቁ። እምቢ ካለና መኪናው ለሕክምና ወይም ለቤት መመለሻ የግድ ከሆነ ከፍሎ መሄድ ነውር የለበትም። አከፋፈሉ ግን መልክ አለው። ቁጥር 2164 የማይገባ ክፍያ የከፈለ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ እንደሚችል ይናገራል፤ ተከታዩ ቁጥር 2165 ደግሞ እንደማይገባ እያወቀ ወዶ የከፈለን ሰው አይረዳም። ብዙ ሰው ጉዳዩን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ፣ ደረሰኝ ከሌለም በወረቀት ላይ «መኪናው እንዲፈታልኝ በተቃውሞ የተከፈለ፤ ዕዳውን አላመንኩም» ብላችሁ ጻፉ፣ ለኃላፊውም አንድ ቅጂ ስጡ። በእጅ ጥሬ ብር አትስጡ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር ክፈሉና ምክንያቱ ላይ ያንኑ ቃል አስገቡ። ወደ ጥበቃው የግል ስልክ ላኩ ካሏችሁ የድርጅቱን ሂሳብ ጠይቁ፤ እምቢታውንም መዝግቡ።

ሲፈታ፣ መኪናው የሆጤን በመሰለ ዳገት ላይ ካለ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ከቁልቁለቱ በኩል ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ። ክላምፑ ይዞት የነበረ መኪና ሲለቀቅ ሊንሸራተት ይችላል።

ደብዳቤው

በሦስት ቀን ውስጥ ለህንፃው ባለቤት ወይም ሥራ አስኪያጅ አንድ ገጽ ጻፉ። ስድብ አያስፈልግም። ቀን፣ ሰዓት፣ ታርጋ፣ የተከፈለው ብር፣ ታፔላው የማይታይበት ምክንያት፣ የምትጠይቁት፣ የምትሰጡት ቀነ ገደብ። የመጨረሻው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «አባቴ ስለ ክፍያው ያወቁትም የተቀበሉትም ነገር የለም። በተቃውሞ የተከፈለው 3,000 ብር ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ እንዲመለስ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቀርባለሁ።» ቅጂው ላይ የተቀባዩን ፊርማና ማህተም አስደርጉ፤ አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ላኩት።

አንድ ቅጂ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስጡ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳይ ያዝዛል፤ ዋጋው ካልተለጠፈ ወይም ደረሰኝ ካልተሰጠ ይህ ለእናንተ ጥሩ መከራከሪያ ነው።

በእኛ አገር ደብዳቤው ደርሶ ሽማግሌ ሲገባ ብዙው ነገር ያልቃል። ይህ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ) የሚሰበሰብበት ጉዳይ አይደለም፤ ሁለቱም ወገን የሚያከብራቸው ሁለት የሰፈር ሰዎች ይበቃሉ። አባባ በእርግጥ የሰው በር ዘግተው ወይም አምቡላንስ መግቢያ ላይ አቁመው ከሆነ ይህን ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ የደረሰ ጉዳት ካለ እሱ ብቻ ተሰልቶ ቀሪው ይመለስ። ስምምነቱን ግን በጽሑፍ አድርጉት።

ፍርድ ቤት

መኪናው እስካሁን ታስሮ ካለ መንገዱ የሁከት ይወገድልኝ ክስ ነው፣ ቁጥር 1149። ሰው የሚያውቀው በመሬት ክርክር ቢሆንም መኪናም በእጅ የተያዘ ንብረት ነው። ክሱ ሁከቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። ተፈትቶ ከሆነ የተከፈለውን ገንዘብና የቸርኬውን ጉዳት መጠየቅ ነው። ለባጃጅ ያወጣችሁትንም ከዕለቱ ጋር ጽፋችሁ ያዙ፤ ባጃጅ ደረሰኝ አይሰጥምና።

ልጅ ሆናችሁ ስለ አባታችሁ ለመከራከር ውክልና ያስፈልጋችኋል። «በጠቅላላው ወክያለሁ» የሚል ብቻ ከሆነ አይበቃም፤ ቁጥር 2205 ክስ ለማቅረብም ለመታረቅም ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ስለዚህ «ክስ እንዲመሠርት፣ እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ፣ ገንዘብ እንዲቀበል» የሚሉት ቃላት አንድ በአንድ ይጻፉ። እሳቸው መታወቂያ ይዘው ራሳቸው ስለሚፈርሙ፣ ጤናቸው ደህና በሆነበት ጠዋት ውሰዷቸው።

አቤቱታውን ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር በ3 ቅጂ አዘጋጁ፤ አንዱ ለፍርድ ቤቱ፣ አንዱ ለተከሳሹ፣ አንዱ ማህተም ተደርጎበት ለእናንተ። ፎቶዎቹን በወረቀት አሳትማችሁ ጀርባቸው ላይ ቀንና ሰዓት ጻፉ፤ ዋናዎቹን ከስልኩ አታጥፉ።

የዳኝነት ክፍያው ከተጠየቀው ገንዘብ ጋር ስለሚመጣጠን ለ3 ሺህ ብር ክስ ብዙ አይደለም፤ ክሱን ስትረቱ ወጪውንም ጨምራችሁ ጠይቁ።