ፍልጥ ከመግዛታችሁ በፊት አጋጩት

እዚህ ሐዋሳ በተለይ በክረምት «ደረቅ ነው» ተብሎ የሚሸጥ የባህር ዛፍ ፍልጥ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። ስታነዱት ይጨሳል፣ ጫፉ ላይ አረፋ ያወጣል፣ ምጣዱም አልግል ይላል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ፍልጥ አንስታችሁ አጋጩ። የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል፤ እርጥቡ ግን ድፍን ያለ ነው፣ ውስጡ ያለው ውሃ ድምፁን ያፍነዋል። ከተጠራጠራችሁ ወፈር ያለውን አስፈልጡና አዲስ የተፈለጠውን ጎን ጉንጫችሁ ላይ አስነኩት። እንጨቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ገና አልደረቀም።

እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ ማትነን አለበት። ለእንጀራው የሚተርፈው ሙቀት ትንሽ ነው። ምድጃችሁ ማገዶ ቆጣቢ ቢሆንም ከዚህ አያድናችሁም። ጭሱ ደግሞ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ነው የሚጎዳው፣ እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እርጥቡን በርካሽ ካገኛችሁ ግዙት፣ ግን ቀጠን አድርጋችሁ አስፈልጡት። ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ደርድሩና ከላይ ብቻ በቆርቆሮ ሸፍኑት። ጎኑ ንፋስ ያግኝ። ቶሎ እንዲደርቅ ብላችሁ ከሚነድ ምድጃ ጋር አታስጠጉት፣ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ከግንባታ የተረፈ፣ ቀለም የተቀባ ጣውላ ግን የቱንም ያህል ጥርት ያለ ድምፅ ቢያወጣ እንዳታነዱት። ጭሱ መርዛማ ነው።