ልቅ ግጦሽን ለማስቀረት ጥቂቶች ብዙኃኑን እንዴት ያሳምናሉ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስ ከታጨደ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት መዋያ ነው። አስሮ መቀለብ የጀመረ ሰው ይሳቅበታል። ልማዱን መቀየር የሚፈልጉ ሦስት አራት አባወራዎች ሥራቸውን ከስብሰባ አይጀምሩ።

መጀመሪያ አጋር ፈልጉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰለሞን አሽ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰዎች በቡድን ሆነው የመስመር ርዝመት እንዲያነጻጽሩ ባደረገበት ሙከራ ብዙኃኑ ሆን ብለው ሲሳሳቱ ተፈታኞች ከሦስት መልስ በአንዱ ያህል ተከትለዋቸዋል፤ እውነቱን የሚናገር አንድ ሰው ሲጨመር ግን መከተሉ በእጅጉ ቀነሰ። አጋራችሁ በግ የበዛለት ቢሆን ይመረጣል። አለበለዚያ «ከብት የሌለው ስለ ከብት ምን አገባው?» ትባላላችሁ።

ቀጥሎ መኖ። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ለአምስት ወር 9 ኩንታል ማለት ነው። የደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን የተባለውን የመኖ ዛፍ በእርከኑ ላይ ቀድማችሁ በክረምት ትከሉ። ይህን ያህል የምንጨነቀው አንድ ቀን ጥጃችሁ ጎረቤት ማሳ ላይ ከተገኘ ነገሩ ስለሚያከትም ነው። የጥቂቶች ኃይል አለማወላወል ነው፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሰርዥ ሞስኮቪቺና ባልደረቦቹ በ1969 እ.ኤ.አ. በስድስት ሰው ቡድን ውስጥ ሁለቱን ሰማያዊውን ምስል «አረንጓዴ ነው» አስባሉ። ሁለቱ ሳያወላውሉ ሲቀሩ ከሌሎቹ መልስ 8.42 በመቶው ወደ እነርሱ አዘነበለ፤ ሲያወላውሉ 1.25 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ልዩነቱን ግን ጽናቱ አመጣው። ጽናት ግትርነት አይደለም፤ ማሳው ለከብት የሚዘጋበት ቀን ወይም ወደ ውኃ የሚወስደው መንገድ ላይ ብትለሳለሱ ምንም አትጎዱም።

በየካቲት ጎረቤቶችን እርከኑ ዳር አቁሙ፦ በአንድ በኩል የተጋጠ አፈር፣ በሌላው እስከ ጉልበት የደረሰ ደሾ። ንግግር አያስፈልግም። ከዚያ ማታ ማታ የደሾ ግንጣይ የሚጠይቁ ይመጣሉ። ሰው በአደባባይ ከመለወጡ በፊት በልቡ ይለወጣልና ስማቸውን አታውጡ፤ ስጧቸው፣ ቁጠሯቸው። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ቁርጠኛ ጥቂቶች 25 በመቶ ገደማ ሲደርሱ የቡድኑ ልማድ ተገልብጧል፤ 60 ቤት ባለው ጎጥ 15 ቤት መሆኑ ነው። ሙከራው ለአንድ ምስል ስም በማውጣት ስለመስማማት እንጂ ስለ በሬ ስላልነበር እንደ ግምት ብቻ ያዙት።

አሁን ወደ ጎጡ ስብሰባ። ከእጅ ማውጣት በፊት በየግል ጠይቁ። «አብዛኛው ሰው አሁንም ይለቃል» ብሎ መውቀስ ትልቁ ስህተት ነው፤ አድማጩ የሚሰማው «ሁሉም ይለቃል» የሚለውን ነው። «አምና 5 ነበርን፣ ዘንድሮ 17» በሉ። ቅጣት ከእምነት ከቀደመም ደንቡ የሚከበረው ጠባቂው ሲያይ ብቻ ነው። የመንዝ ጓሳ ሣር ቄሮ በሚባለው ነባር የወል መሬት አስተዳደር ሥርዓት ለዘመናት እየተዘጋ ሲከፈት የኖረው ደንቡ የአካባቢው ሰው የራሱ ስለነበር ነው፤ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ፈረሰ።

መሬት የሌላትን መበለት አትርሱ። ከወል መሬቱ ሣር ድርሻዋ ሳይለይ ከተዘጋ ደንቡን ቀድማ የምትሰብረው እርሷ ናት፤ አትፈረድባትም።