ጸጉርሽ ፈዟል? ቅባቱን አስቀምጪና መጀመሪያ በደንብ እጠቢው

ኮንዲሽነር ከሻምፖ በኋላ እንደሚደረግ፣ እርጥብ ጸጉር በፎጣ እንደማይፈተግ፣ የተሰነጠቀ ጫፍ እንደሚቆረጥ ታውቂያለሽ ብዬ ነው ምጀምረው። ይሄ "ሁሉን አድርጌ ጸጉሬ አመድ መስሏል" ለምትለዋ ነው። ፍሪዝ ያሳደጋችሁ ወንዶችም አላችሁ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍም እናንተም አንብቡት፣ እንደውም አንዳንዶቻችሁ ትብሳላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልና ልለፍ፣ ከርዳዳ ጸጉር ጤነኛም ሆኖ እንደ ዞማ አያብለጨልጭም። ዞማው ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል፣ ከርዳዳው በየጥቅልሉ ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል። ስለዚ ፍሪዝሽን ቲክቶክ ላይ ካየሻት ልጅ ሂውማን ሄር ጋር እያወዳደርሽ ብር አትጨርሺ። ከራስሽ የድሮ ጸጉር ጋር አወዳድሪው።

ምልክት፦ ጸጉሩ ፈዟል፣ ግራጫ ነገር ይታይበታል፣ ስትነኪው ይከብዳል፣ እጅ ላይ ሰም ሰም ይላል፣ ቅባት ስትቀቢው ለአንድ ሁለት ሰአት ያምርና ማታ ተመልሶ ቁጭ። ሹሩባ ሲፈታ ደሞ ስሩ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሮ ይገኛል።

ምክንያት፦ ድርቀት አይደለም። እደግመዋለሁ፣ ድርቀት አይደለም! የቅባት ክምችት ነው። ፈዘዘብኝ ብለው እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ይሄ ነው ችግራቸው፣ ሁሉም ግን "ደረቀብኝ" ብለው ነው ሚመጡት፣ ደረቀ ብለው ስላሰቡ ቅባት ጨምረዋል፣ ሲጨምሩ የበለጠ ፈዘዘ፣ ሲፈዝ ደሞ ሌላ ዓይነት ቅባት ገዙ። ያልታጠበ መጥበሻ ላይ ዘይት እየጨመሩ መጥበሻው ለምን አያበራም ማለት ነው እኮ።

የጸጉር የላይኛው ክፍል በትንንሽ ቅርፊቶች የተነባበረ ነው፣ ቅርፊቶቹ ተኝተው ንጹህ ሲሆኑ ብርሃን ይመልሳሉ። ቫዝሊንና እነዛ በቆርቆሮ ሚሸጡት ቀለማ ቀለም ቅባቶች ዋና ነገራቸው ከነዳጅ ሚወጣ ስለሆነ ውሃ አያሟሟቸውም፣ ጸጉሩ ውስጥም አይገቡም፣ ላዩ ላይ ነው ሚቀመጡት። እዛ ላይ የሴረሙ ሲልከን (ጸጉሩን ለብጦ ሚያብለጨልጨው ነገር) ይጨመራል፣ ጄሉ፣ ላቡ፣ ታክሲ ስትጠብቂ የበላሽው አቧራ ምናምን ተደምሮ ብርሃኑን ይሸፍነዋል። ከዛ ስትታጠቢ ውሃውም ወደ ውስጥ በደንብ አይገባም። ስለዚ ድርቀት ቢኖርም ያመጣው ክምችቱ ነው፣ ከላይ ቅባት፣ ከስር ደረቅ።

ሳታረጋግጪ እንዳትጀምሪ። ነጭ ሶፍት ወስደሽ አንድ ዘለላ ጸጉር መሀሉ አስገቢና ከስር እስከ ጫፍ ጨምቀሽ ሳቢ፣ ቢጫ ወይ ግራጫ ከወጣ አለቀ። አንድ ጸጉር በጥፍርሽ ስትፍቂው ጥፍርሽ ስር ነጭ ሰም መሳይ ነገር ከተሰበሰበም ያው ነው። አሁንም ካልተማመንሽ ከኋላ አንድ ትንሽ ቦታ ብቻ ሁለቴ በሻምፖ አጥበሽ ምንም ሳትቀቢ አድርቂው፣ ያ ቦታ ከሌላው ቀለል ብሎ ካበራ መልሱን አገኘሽ፣ ትሪትመንት ምናምን መግዛት አያስፈልግሽም።

መፍትሄ፦ ጠርሙሱ ላይ ክላሪፋይንግ (ክምችት ሚያወርድ ጠንካራ) ሚል ሻምፖ ፈልጊ፣ ካጣሽ ሶዲየም ላውሬት ሰልፌት ያለበት ተራ ሻምፖ ይሰራል። "ሰልፌት የለውም" ሚለው ውዱ ሻምፖ ለሌላ ቀን ይቆይ፣ ቫዝሊን ለማውረድ ጉልበቱ ያንሳል። ጸጉሩን አራት ቦታ ክፈይው፣ ለብ ባለ ውሃ በደንብ እስኪርስ ጠብቂ (ይሄን ሁሉም ይዘለዋል)፣ ሻምፖውን በሌላ እቃ በውሃ አቅጥነሽ ስሩ ላይ አድርጊና በጣትሽ ሆድ እሺ፣ በጥፍር አይደለም። የመጀመሪያው እጥበት አረፋ አያወጣም፣ አትደንግጪ፣ ቅባቱ ነው አረፋውን ሚገለው። ሁለተኛው ላይ አረፋ መምጣት አለበት። ካልመጣ ሶስተኛ። አረፋው ነጭ ሆኖ ሲወርድ ነው ሚቆመው፣ ስለደከመሽ አይደለም።

ከዛ ኮንዲሽነር ወገቡና ጫፉ ላይ፣ 5 ደቂቃ፣ በሰፊ ማበጠሪያ አፍታተሽ ታጠቢ። ኮንዲሽነር ሳታደርጊ ከተነሳሽ ጸጉሩ ሻካራ ሆኖ ይቀርና "አየሽ ሻምፖው አደረቀኝ" ብለሽ ተመልሰሽ ቅባቱ ውስጥ ትነከሪያለሽ፣ ይሄን ስንቴ እንዳየሁት። መጨረሻ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺበትና ትንሽ ቆይተሽ አለቅልቂው። የጸጉር ቅርፊት አሲድ ሲነካው ነው ሚተኛው፣ ሳሙና ሲነካው ይነሳል። ቀዝቃዛ ውሃ ጸጉር ይዘጋል ሚባለው ግን ወሬ ነው፣ ብርድ ከመምታት ውጪ ጥቅሙ አልታየኝም። አቼቶውን ሳታቀጥኚ እንዳታፈስሺ! የራስ ቆዳ ያቃጥላል። አይን ውስጥም እንዳይገባ። ሎሚ ደሞ ተመሳሳይ ነው ብለሽ ቀብተሽ ጸሀይ ላይ አትውጪ፣ ሎሚ የነካው ቆዳ ጸሀይ ሲያገኘው ይቃጠልና ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።

ጸጉሩ እርጥብ እያለ ሁለት ሶስት ጠብታ ዘይት፣ የኮኮናት ከሆነ ጥሩ፣ መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ጫፉ ላይ ብቻ። በቃ። ስሩን ተይው፣ ስሩ የራሱን ቅባት ያመርታል።

አንዴ አንዲት ሙሽራ ሰርጓ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት መጣች፣ ጸጉሯ ማበጠሪያ አያስገባም፣ ሽታውም ሌላ ነው። ምን አረግሽ ስላት የጉሎ ዘይት፣ በላዩ ለጋ ቅቤ፣ በላዩ አቮካዶ፣ በላዩ እንቁላል፣ ከዛ ይሄን ሁሉ በሚፋጅ ውሃ ታጥባዋለች! እንቁላሉ ጸጉሯ ውስጥ በስሎ ፍርፍር ሆኗል፣ በማበጠሪያ ነጭ ነጩን ስንለቅም ዋልን። ያወረድነው ውሃ የተጣለ የእቃ እጣቢ ነበር ሚመስለው። ሲደርቅ ግን ምንም ሳንቀባው አበራ፣ እሷም "ምን ቀባችሁኝ" ብላ አላመነችንም። እንቁላል የግድ ካልሽ በቀዝቃዛ ውሃ ነው ሚታጠበው።

ሌላዋ ደሞ ከዱባይ የተመለሰች ናት፣ "የዛ አገር ውሃ ጨረሰኝ" ትላለች። እዛ የቧንቧው ውሃ አብዛኛው ከባህር ጨው ወጥቶለት ሚመጣ ስለሆነ እንደሚባለው ከባድ (ማዕድን የበዛበት) አይደለም። ስንጠያየቅ ስራ ስለሚበዛባት ጸጉሯን ሳትታጠብ በየጠዋቱ ሴረም ቀብታ፣ ጠቅልላ፣ ሻሽ አስራ ነው ምትወጣው፣ ለወራት። ውሃውን ሰደበችው እንጂ ውሃውማ ጸጉሯን መቼ አገኘው።

ቅቤን እየሰደብኩ እንዳይመስልሽ፣ እናቶቻችን ሲቀቡን ያደግንበት ነው። ግን እነሱ ቀብተው፣ አሳድረው፣ በነጋታው ሙልጭ አድርገው ያጥቡ ነበር። አሁን ቅቤው ሳምንት ይቀመጣል፣ ይበላሻል፣ ከዛ ሽታውን ለማጥፋት ሽቶ ያለው ቅባት በላዩ። ቅቤ ከእጥበት በፊት ይሁን፣ ከእጥበት በኋላ አይሁን።

የውሃ ነገር ካነሳን፣ ውሃ በፈረቃ ሚመጣበት ሰፈር ያለሽ ከሆነ ችግርሽ ክምችት ሆኖ ግን ከቅባት ሳይሆን ከራሱ ከሻምፖውና ከኮንዲሽነሩ ሊሆን ይችላል፣ በጆግ እየቆጠብሽ ስለምትታጠቢ ሙሉ በሙሉ አይወርድም። ውሃው ሚመጣበትን ቀን ጠብቀሽ ታጠቢ፣ ካልሆነ ምርቱን ቀንሺ።

ምልክት፦ ቅባት አትቀቢም፣ ግን ከታጠብሽ በኋላ ጸጉርሽ ሸካራ ነው፣ ነጭ ዱቄት ዓይነት ነገር አለው። ይሄ ማዕድን የበዛበት ውሃና ሳሙና ሲገናኙ ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ውሃ ማፍያችሁ ውስጥ ሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ካልሲየም ነው፣ ከደረቅ ሳሙና ጋር ተያይዞ ጸጉር ላይም ይቀመጣል። አዲስ አበባም ቢሆን ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ ሚመጣው አንድ አይደለም፣ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ይበዛዋል። መፍትሄው ደረቅ ሳሙናውን መተውና ኢዲቲኤ (ማዕድኑን ይዞ ሚያወርድ ንጥረ ነገር) ያለበት ሻምፖ በወር አንዴ መጠቀም ነው፣ አቼቶውም ይረዳል። በልብስ ዱቄት ሳሙና ምትታጠቢ ካለሽ ምንም ምመክርሽ የለኝም። ቤኪንግ ሶዳም ያው ነው፣ ተይው።

ምልክት፦ ታጥቦ ንጹህ ነው፣ ግን አያበራም፣ ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ አለ፣ ሲረጥብ ድሮ ይጠቀለል የነበረው አሁን ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ፔስትራ ነው። ይሄ አይመለስም፣ ይቆረጣል፣ "ይጠግናል" ብሎ ሚሸጥልሽ ሰው ላዩን በሲልከን ሸፍኖ ነው፣ እስከሚቀጥለው እጥበት። እርጥብ ጸጉር ላይ ፔስትራ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና ጸጉሩን ከውስጥ ያፈነዳዋል፣ ያ ጭስስ ሚለው ድምጽ እሱ ነው፣ "እንፋሎት ነው ችግር የለውም" ሚሉሽን አትስሚ። ሙቀት መምረጫ የሌለው፣ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ያለው ርካሽ ፔስትራ አትግዢ። ብረቱ ሽፋኑ ከተላጠ ጣይው፣ ለእህትሽ አትስጪያት። ቀጭን ወይም ቀለም የተቀባ ጸጉር ከ150 ዲግሪ በታች፣ ወፍራሙ 180 ይበቃዋል፣ 230 ሚለው ቁጥር ለማንም አልተጻፈም። ከመጀመርሽ በፊት ነጭ ሶፍት ቆንጥጪበትና ለጥቂት ሰከንድ ያዢ፣ ቀለሙ ከተቀየረ በጣም ግሏል።

ሪላክሰር (ጸጉር ማለስለሻ ኬሚካል) የተነካ ጸጉር ላይ ደግሞ ሪላክሰር ከተደረገ ፈዝዞ መሰባበር ይጀምራል፣ አዲስ የበቀለው ላይ ብቻ ነው ሚደረገው። ኬራቲን (ጸጉር ሚያስተኛ ትሪትመንት) ልሰራ ካልሽ ብዙዎቹ ሲሞቁ ፎርማልዴሃይድ ነው ሚያወጡት፣ አይንሽን ካቃጠለሽ መስኮት ክፈቱ በይ፣ እርጉዝ ከሆንሽ ተነሺና ውጪ።

ፎሮፎር ካለ መጀመሪያ እሱን በኬቶኮናዞል ሻምፖ። ከመፍዘዙ ጋር ጸጉሩ በብዛት ሚረግፍ ከሆነና ድካም ካለሽ ደም ማነስና ታይሮይድ ተመርመሪ፣ ያ የኔ ስራ አይደለም።

ሻምፖው ራሱ ፎርጅድ ሊሆንም ይችላል። አንዷ ይዛ የመጣችው ጠርሙስ እውነተኛ ነው፣ ውስጡ ግን ቀለም ያለው ውሃ፣ ሶስቴ አጥበን አረፋ የለም። ማሸጊያው የተነካካ ካየሽ መልሺ።

ስንት ጊዜ ልታጠብ ለምትሉኝ፣ ተራ ሻምፖ በሳምንት ወይም በ10 ቀን፣ ጠንካራው ክላሪፋይንጉ በወር አንዴ። ሹሩባ ላይ ከሆንሽ ስሩን በቀጠነ ሻምፖ እጠቢው፣ ወር ሙሉ በቅባት ብቻ አትቆዪ።

ሂውማን ሄርሽ ከፈዘዘ ደሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙው ርካሹ ቅርፊቱ በጠንካራ አሲድ ተልጦ በሲልከን የተለበጠ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሚያብለጨልጨው ሲልከኑ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ሲታጠብ ይሄድና ጸጉሩ ይተበተባል። አይድንም፣ ሴረም እየቀባሽ ትጨርሺዋለሽ። ሌላ ጊዜ ስትገዢ አንድ ዘለላ እዛው በሻምፖ ታጥቦ ደርቆ ይታይልኝ በይ፣ ሻጩ እምቢ ካለ አትግዢ።